በሩ አይሠራም

በቶሮንቶና በአካባቢዋ ለምትገኙ፣ እንዲሁም በባሕር ማዶ ላላችሁ ወገኖች በሙሉ፤ ቁመቱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ አፍንጫ የሌለው፣ ጋቢ የለበሰ አንድ ሰውዬ በር አንኳኩቶ መግባት እንዳቃተው ማክሰኞ ጠዋት በይፋ ተገልጿል። ሰውዬው ከእነጋቢው የሚኖረው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው። መግለጫውን የሰጠው ትሬቨር የሚባል የጌም ሐያሲ ሲሆን፣ ነገሩን በጥልቀት መርምሮ፣ በሩንም ደጋግሞ ደብድቦ፣ ለጌሙ አራት ከአሥር ሰጥቷል። የጽሑፉ ርእስ “በሩ አይሠራም” ይላል።

ጌሙን የሠራው ስንታየሁ ይህን ያነበበው ሥራ ቦታ ሆኖ ነው። ስንታየሁ ቀን ቀን ኢንተርኔት ተቋረጠብኝ ብሎ ለሚደውል ሰው ሁሉ “መሣሪያውን አጥፍተው መልሰው ያብሩት” ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ በማዕረግ የተመረቀው፣ ካናዳም በባለሙያነት መዝና የተቀበለችው ለዚህ ነበር። በጆሮው አንዲት የዊኒፔግ አሮጊት ታማርራለች፤ በዓይኑ የትሬቨርን ሪቪው ቁልቁል ያነባል።

“ይሰሙኛል?” አለችው አሮጊቷ።

“አራት” አላት።

ጌሙ “መርዶ” ይባላል። ስንታየሁና ጓደኛው ዙበይር ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት፣ ዓመትን በዓመት ላይ እየደረቡ የሠሩት ነው። ዙበይር ኤግሊንተን ዌስት ላይ ባለ ማተሚያ ቤት ተቀጥሯል፤ መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ ደንበኛ ድራሹ ስለጠፋ ቀኑን ሙሉ ሲስል ይውላል። ሥዕሉና ዜማው የእሱ፣ የቀረው ሁሉ የስንታየሁ ነው። የጌሙ መልክ ሆን ተብሎ ያረጀ ነው፤ ልጆች ሳሉ በሰፈር ጌም ቤት ካሴቱን መዝዘው እፍ እያሉበት ከተጫወቱት ጌም የተቀዳ፣ ሰው ሁሉ ከአራት ማዕዘን ጠብታ የተሠራበት፣ ዛፉ ደመና፣ ደመናው ድንጋይ የሚመስልበት።

ጋቢ ለባሹ ሰውዬ በራሱ ላይ ጥቁር ሣጥን ተሸክሞ ይሄዳል። ሣጥኑ ወሬው ነው። ሩቅ ከተማ የሚኖር አንድ ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ ሰውዬው ሊያረዳው ነው። ድንጋይ እየገፋ፣ መሰላል እያዞረ፣ ገደል እየዘለለ ይጓዛል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ “ምን አዲስ ነገር አለ?” ይለዋል። እውነቱን ካወጣ ሣጥኑ ይከብድና መዝለል ያቅተዋል። እናትየው እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀ ካለም “ጸበል ሄደዋል” ማለት አለበት። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ወሬውን ሳያፈስሱ ማድረስ።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ የልጁ ቤት ይደረሳል። ጨለማ ነው። በር አለ። ፈረንጅ ከዚህ ሲደርስ ያንኳኳል። ካልተከፈተለት ይገፋል፣ ይዘልላል፣ ሣጥኑን ይወረውራል፣ ከዚያ ሪቪው ይጽፋል። በሩ ግን አይከፈትም፤ መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ ለብቻ ተሂዶም አይነገርም። መፍትሔው እጅን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ዝም ማለት ነው። ዝም ላለ ሰው ሰማዩ ቀስ እያለ ይገረጣል፤ በየመንገዱ የታለፉት ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ ከሰውዬው ኋላ ይቆማሉ፤ ጎህ ሲቀድ በሩ ከውስጥ ይከፈታል። በመካከሉ አንዲት ቁልፍ የነካ መልሶ ይጨልምበታል።

“አላልኩህም?” አለው ዙበይር በስልክ። “ሊፍት እየመጣለት እንኳ ቁልፉን የሚጠቀጥቅ ሕዝብ ነው። ይሄ እጁን ያነሳልሃል?”

“‘ሠሪዎቹ የመጨረሻውን በር መሞከር የረሱ ይመስላል’ ይላል እኮ!”

“ሌሎቹስ ምን አሉ?”

ሌሎቹም ብለዋል። አንዱ ድባቡን ወዶ ንግግሩን ጠልቷል፤ “እናትየው ስንት ጊዜ ነው ጸበል የሚሄዱት?” ሲል ጠይቋል። ሌላው ደግሞ የማይከፈተው በር የገበያ ሥርዓቱ ምሳሌ ነው ብሎ፣ ስለ ድፍረቱ ሰባት ሰጥቷል። ስንታየሁን ከአራቱ ይልቅ ያመመው ሰባቱ ነው።

ነጥቡ ይህን ያህል የሚያመውም በምክንያት ነው። ካናዳ ከገባ ጀምሮ እናቱን አላያትም። ጌሙ ተሸጦ ከዚያ “አጥፍተው ያብሩት” ከሚባልበት ወንበር ሲያስነሳው፣ መጀመሪያ የሚያደርገው እሷ ዘንድ መሄድ ነበር። ይህን ለማንም አልነገረም፤ ለእሷ ብቻ ነግሯታል። እሷም “ምንድን ነው የምትሠራው?” ብላ ነበር። “ጨዋታ” ሲላት፣ “ይሁን፤ ብቻ ተጫውተህ ጨርሰህ ና” አለችው።

በማግስቱ ከሥራ ሲገባ ታላቅ እህቱ ያለምወርቅ ሪጀንት ፓርክ ካለው አፓርትመንቱ በር ላይ ቆማ አገኛት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከስካርቦሮ አውቶቡስ ቀያይራ፣ ድስት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው የመጣችው። ሰሞኑን ትመላለሳለች። ለጌሙ ነው ብሎ ደስ ብሎታል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፍቶ የትሬቨርን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየመለሰ ያነብላት ጀመር። ስድቡ ላይ ሲደርስ የትሬቨርን ድምፅ ያወጣል። “‘አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይህን ምስኪን ልጅ ቢያረዳው ምናለበት?’” ብሎ ቀና ቢል ያለምወርቅ ታለቅሳለች። እንባ አቅርራ እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው።

“እታለም! ኧረ ተይ፣ ምን ሆንሽ?”

“ደክሞኝ ነው።”

“ሰው የሞተብሽ አስመሰልሽው እኮ! ሪቪው ነው፣ ይረሳል።”

“አዎ፣” አለች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየሸፈነች። “ይረሳል።”

አቅፎ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ስለ አንድ ጌም እንዲህ ያለቀሰለት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረውም። በዚያች ማታ እህቱን ከመቼውም ይልቅ ወደዳት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አገር ቤት ደወለ። ታናሽ ወንድሙ መንግሥቱ አነሳው።

“እማዬን አቅርብልኝ እስቲ።”

“ጸበል ሄዳለች።”

“ደግሞ የት?”

“ራቅ ይላል። ኔትወርክም የለው።”

“ጉልበቷ ነው?”

“እ… አዎ፣ ጉልበቷ።”

“እሺ፣ ስትመለስ ጌሙ ወጥቷል በላት። ሰባትም የሰጠው አለ በላት፤ አራቱን ተወው።”

ስንታየሁ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት “ሃሎ? ሃሎ?” አለ።

“እነግራታለሁ፣ ወንድምዓለም” አለ መንግሥቱ።

“ጸበል ሄደዋል” የሚለውን በገዛ ጣቱ የጻፈ፣ በዚያ አፍንጫ የለሽ ሰውዬ አፍ ሺ ጊዜ ያስባለ፣ በየደረጃው ሰው ይጠራጠር ይሆን ወይ እያለ የፈተነ ሰው፣ በገዛ ጆሮው ሲሰማው አላወቀውም። እንዲያውም ስልኩን ዘግቶ ያሰበው ነገር ቢኖር “ትሬቨር ይህን ቢሰማ ደግሞ መደጋገሙ በዛ ይል ነበር” የሚል ነው።

የዚያኑ ዕለት ጌም በኢንተርኔት ከሚሸጥ አንድ ትልቅ መደብር መልእክት መጣ። የጻፈችው ሴት ትሑት ናት። ጌሙን ወደነዋል፣ በፊት ገጻችን ልናወጣው እንፈልጋለን፤ ነገር ግን የገዙት ሰዎች በሩ ተበላሽቷል እያሉ እየመለሱት ነውና እባካችሁ በሩ ላይ አንድ ምልክት አድርጉ፤ ሰዓት ይሁን፣ ቀስት ይሁን፣ “ጠብቁ” የሚል ጽሑፍ ይሁን። እስከ ሰኞ ካደረሳችሁ እናወጣዋለን፤ ካልሆነ እናዝናለን።

አርብ ከሥራ መልስ ዳንዳስ ላይ፣ የጎዳና ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው የሚንቀጠቀጥበት ካፌ ተገናኙ። ስንታየሁ ለጭቅጭቅ ታጥቆ ነው የሄደው። ዙበይር ድሮም ይህ ነገር ሲነሳ “በር ላይ ‘ጠብቁ’ ብሎ ለጥፎ የሚያረዳ ሽማግሌ የት አይተሃል?” እያለ ሲያላግጥበት ኖሯል።

“ቀስት ላደርግ ነው” አለ ስንታየሁ። “ወደ ሰማይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት። ቆዩ፣ ሊነጋ ነው የምትል።”

“እሺ።”

“እሺ?”

“የፈለግከውን አድርግ፣ ወንድሜ።”

ዙበይር ወንድሜ ብሎት አያውቅም። ሲወደው “አንተ ቀፎ” ነው የሚለው።

“አትሰድበኝም እንዴ?”

“ምሳ በልተሃል?” አለ ዙበይር።

“የምን ምሳ! ስለ በሩ እኮ ነው የማወራህ። ጌሙን አሳልፈን እየሰጠን ነው ወይስ እያዳንን?”

“ብላ፣ እስቲ” ብሎ የራሱን ሳንድዊች ገፋለት። ዓይኑን ግን ከመስኮቱ አላነሳም። ስንታየሁ ይህን ዙበይር ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው ብሎ ተረጎመው፤ እሱም እንደ ሐያሲዎቹ ትርጓሜ አላጣም። ቤቱ ገብቶ ቀስቷን ሠራት። ታምራለች፣ ቢጫ ናት፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጠዋት ልኳት ነው የሚገላገለው።

ቅዳሜ፣ ገና አፍና አፍንጫ ሳይለይ ከታች የሚደወልበት የበሩ ባዘር ጮኸ።

“ማነው?”

“ክፈት፣ እኔ ነኝ” አለ የዙበይር ድምፅ።

“በዚህ ጠዋት? ቀስቷን ልታስቀረኝ ከሆነ ዘግይተሃል፣ ሠርቻታለሁ።”

“ክፈት በቃ።”

የሪጀንት ፓርክ አዳዲስ ሕንጻዎች ብዙ ነገር ታስቦላቸዋል፤ ሊፍታቸው ግን ለመርዶ አልተሠራም። እንግዶቹ በሁለት ዙር ነው የወጡት፤ የመጀመሪያው ዙር ሁለተኛውን እየጠበቀ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ቆመ። ስንታየሁ በር ሲከፍት ከፊት የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ዓለማየሁን አየ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀጥሎ የእድሩ አባል ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ ቀጥሎ ያለምወርቅ፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን በመልክ ብቻ የሚያውቃቸው ሰዎች፣ ከሁሉም ኋላ ዙበይር።

ስንታየሁ ሳቁ መጣ።

“እንዴ! ጋሽ ዓለማየሁ! እርስዎም አነበቡት?”

ጋሽ ዓለማየሁ በቶሮንቶ ያረዱት ሰው ቁጥር የለውም። የነርሶችን ሺፍት፣ የታክሲ ነጂዎችን የእረፍት ቀን፣ የልብ ሕመምተኛን መድኃኒት እያጠኑ፣ በሥርዓቱ የሚያረዱ ናቸው። “አነበቡት?” ብሎ የተቀበላቸው ግን የለም።

“ግቡ፣ ግቡ! ይቺ እህቴ ናት አይደል የነዛችባችሁ? ኧረ እናንተ ሰዎች! ለአራት ከአሥር እንዲህ ግልብጥ ብሎ ይመጣል?” ወንበር ይሰበስብ ጀመር። የምግብ ቤቱን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የኮምፒውተሩን። “ጋሽዬ እዚህ ይቀመጡ፤ ብቻ ተጠንቅቀው፣ ይቺ ትሽከረከራለች።”

“ልጄ…” አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

“ምንም አይደለም፣ ጋሽዬ! ነጥብ ተቀነሰብኝ እንጂ ሰው አልሞተብኝ።”

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ስንታየሁ ይህንንም አዘኔታ አድርጎ ወሰደው። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የትሬቨርን ጽሑፍ ከመጀመሪያው አንሥቶ ያነብላቸው ገባ። እንግዶቹ በሰው ወንበር ላይ ጫፍ ጫፉን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የሚያቋርጠው የለም፤ መርዶ ሊያረዱ ሄደው የጌም ሪቪው ሲነበብላቸው ምን እንደሚደረግ የእድሩ ደንብ አይናገርም። ጋሽ ዓለማየሁ አንዴ “ስማኝ፣ ልጄ” ብለው ነበር። “ቆይ፣ ይቺን ልጨርስልዎትማ፣ የሚያስቀው ገና ነው” አላቸው። ሰባት የሰጠውንም አነበበ። ቀስቷንም አሳያቸው።

“ዛሬ እልካታለሁ። ከእንግዲህ በሩ የማይገባው ሰው አይኖርም” ብሎ ቀና አለ።

ቀና ሲል ዙበይርን አየው። ወንበር ተርፎ ሳለ አልተቀመጠም፤ ከሰዎቹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። በእጁ የውኃ ጠርሙስ ይዟል።

ጌሙ መጨረሻ ላይ፣ በሩ ሊከፈት ሲል፣ ከተሰበሰቡት ሰዎች የመጨረሻው በእጁ ሰማያዊ ነጥብ ይዟል። ውኃ ነው፤ የተረዳው ሰው ራሱን ቢስት ፊቱ ላይ የሚረጭ። ዙበይር ይህችን ነጥብ ሲጨምር ስንታየሁ “ማን ያያታል?” ብሎት ነበር። ዙበይርም “ያረዱት ሰው ያያታል” ነበር ያለው።

“ዙቤ፣” አለ ስንታየሁ። “ውኃው የምንድን ነው?”

ዙበይር የጠርሙሱን ክዳን ፈታ።

ስንታየሁ እህቱን አያት። ነጠላዋን አየ፤ ተዘቅዝቋል። የጋሽ ዓለማየሁን ባርኔጣ አየ። መስኮቱን አየ፤ እየነጋ ነው።

“ጸበል ሄዳለች ነው ያላችሁኝ” አለ። ድምፁ የሰባ ዓመት ሰው ድምፅ ሆነ። “ጸበል ነው እኮ ያላችሁኝ!”

“እናትህ ዐርፈዋል፣ ልጄ” አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

ወደቀ። ውኃው ሥራ ላይ ዋለ።

ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው “መቼ?” ብሎ ነው። ያለምወርቅ ወለሉ ላይ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ “ጌሙ ሊወጣ ሲል” አለችው። “እስኪወጣለት ብዬ ነው። ከዚያ ሪቪው ይውጣለት አልኩ። ከዚያ ደግሞ… እንዲያ ሲያደርግህ ጊዜ፣ አንድ ቀን እንኳ እፎይ ይበል ብዬ።” ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ ለቅሶ ነው። የለቅሶው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ደርሶ፣ የሕንጻው ተቆጣጣሪ ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። ረብሻ አለ ተብሎ ተደውሎለታል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ምንም ሳይሉ ወንበር ሰጡት፤ የምትሽከረከረዋን። ሰውዬው ግራ እየተጋባ ተቀመጠ፣ ኮፍያውንም አወለቀ። ውጭ የቆሙት የለቅሶተኞች መኪናዎች በሙሉ ተቀጥተዋል።

ሰኞ ለቅሶ ቤቱ ገና ሰው ሞልቶበት ሳለ፣ ስንታየሁ መኝታ ቤቱ ገብቶ ቀስቷን አጠፋት። ከዚያ ዙበይርን ጠራው።

“ወንበር ሳልልኝ።”

“የምን ወንበር?”

“በሩ ከተከፈተ በኋላ ልጁ የሚያወጣው ወንበር። ብዙ አድርገው። አንዷ የምትሽከረከር ትሁን።”

ዙበይር ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሣለለት። ድሮ ጌሙ የሚያልቀው በሩ ተከፍቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ነበር። አሁን በሩ ሲከፈት ልጁ እየሳቀ ይወጣል። ሽማግሌዎቹን ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የትምህርት ቤት ውጤቱን ያነብላቸዋል፤ ሒሳብ አራት፣ ሥዕል ሰባት። ያነባል፣ ይስቃል፣ ያነባል። የትኛውም ቁልፍ አያሳልፈውም። የመጨረሻዋን ነጥብ አንብቦ ቀና ሲል፣ ሰማያዊዋን የውኃ ነጥብ ያያል፤ ያኔ ይጨልማል።

ስንታየሁ ለመደብሩ ይህን ላከ። ትሑቷ ሴት “ቀስቱስ?” አለች። “የለም” አላት። “እናዝናለን” አለች፤ እንዳለችውም ጌሙን ከፊት ገጽ ሰረዙት። ከዚያ ወዲያ “መርዶ” እንደ ብዙ ጌም ሞተ፤ ለቅሶ የደረሰው ግን አልነበረም። ስንታየሁ ወደ ወንበሩ ተመልሶ “አጥፍተው ያብሩት” ማለቱን ቀጠለ። አገር ቤት የሚያስኬደው ምክንያት አልቋል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንዲት የሃሊፋክስ ሴት በዚያ በር ላይ ስትታገል ሕፃኗ አለቀሰባት። መጫወቻውን ሶፋ ላይ ጥላ ሄደች። አጥብታ ስትመለስ በሩ ተከፍቶ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ አንድ ልጅ ውጤቱን ያነብላቸዋል። ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ያላየው አልነበረም። አራት የሰጠው ትሬቨርም እጁን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ጠበቀ፤ ራሱ እንደ ጻፈው አለቀሰ፤ ዘጠኝም ሰጠ። ሐያሲ ሲጸጸት የሚጽፈው ሲሳደብ ከጻፈው ይረዝማል።

አንድ ቀን ስንታየሁ ምሳ ላይ ሳለ ትሬቨር ደወለለት።

“ይቅርታ ልጠይቅህ ነው” አለው። “በሩ ገብቶኛል። ስለ ባህላችሁ አነበብኩ። ድንቅ ነው።”

“አመሰግናለሁ።”

“ያልገባኝ ከበሩ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ለምን ይስቃል? ያንን ሁሉ ነጥብ የሚያነብላቸው ለምንድን ነው? አንባቢዎቼ ተከፋፍለዋል። ግማሹ በትምህርት ሥርዓቱ ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው ይላል። ግማሹ ልጁ አስቀድሞ ያውቃል፣ የሚያነበው እንዳይነግሩት ነው ይላል። ስህተት ነው የሚሉም አሉ።”

“ስህተት ነው” አለ ስንታየሁ።

“እውነት? ታዲያ ለምን አታስተካክለውም?”

ከስንታየሁ ጀርባ የሰዎች ስልክ ይጮኻል፤ ካናዳ በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦባታል።

“አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል” አለ ትሬቨር። “ለአንባቢዎቼ። ልጁ ምን እያደረገ ነው?”

“አላብራራም።”